ፍርድ ቤት ፈርዶላችሁ ባለዕዳው አልከፍልም ካለ፦ የአፈጻጸም ነገር ከሀ እስከ ፐ

ክርክሩ አልቋል፤ ረትታችኋል። "ተከሳሽ ለከሳሽ 300,000 ብር ከነወለዱ ይክፈል" ተብሎ ተወስኗል። የፍርዱ ግልባጭም ማኅተም አርፎበት እጃችሁ ገብቷል። ከዚያ አንድ ወር ያልፋል፣ ሁለት ወር ያልፋል፣ ሰውየው ስልክ አያነሳም፣ ሲያነሳም "እስኪ ትንሽ ታገሡኝ" ይላል። ብዙ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ራሱ ተከታትሎ፣ ገንዘቡን አስከፍሎ፣ "ኑና ውሰዱ" ብሎ የሚጠራው ይመስለዋል። አይጠራም።

በእኛ ሕግ መፍረድ ሌላ፣ ማስፈጸም ሌላ ነው። ለማስፈጸም እንደገና ማመልከት አለባችሁ። አዲስ መዝገብ ይከፈታል፣ አዲስ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ስማችሁም ይቀየራል። ከሳሽ የነበራችሁት "የፍርድ ባለመብት" ወይም "የአፈጻጸም ከሳሽ" ትባላላችሁ፤ ያኛው ደግሞ "የፍርድ ባለዕዳ"። ይህ ሁሉ የሚመራው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ሕጉ ዛሬም ይሠራል፤ በክልል ፍርድ ቤቶችም የሚሠራበት እሱ ነው።

ሁሉንም ነገር ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ የሚያመለክተው ዳኛው ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ፍርድ ቤት ማገድ ይችላል፣ መያዝ ይችላል፣ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ግን "ይኸውና እዚህ ጋ ንብረት አለው" የሚለው ሰው ከሌለ መዝገቡ ባዶውን ይንከባለልና ይዘጋል። ስለዚህ ጊዜያችሁን፣ ጉልበታችሁንና ገንዘባችሁን የምታፈሱበት ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሌላው ወረቀት ነው።

መጀመሪያ የፍርዱን ወረቀት በደንብ አንብቡት

ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ አውጡ። ፎቶ ኮፒ አይበቃም፤ የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት መሆን አለበት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ቃል በቃል አንብቡት። በተለይ ስሙን።

ስም ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ስንት መዝገብ የሚጎተተው በእሱ ነው። ፍርዱ ላይ የባለዕዳው ስም እስከ አባት ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም አንድ ፊደል ተሳስቶ ከሆነ፣ ትእዛዙ የደረሰው ባንክ "በተጠቀሰው ስም ደንበኛ የለንም" ብሎ ይመልሳል። ሰውየው እዚያው ባንክ ሒሳብ እያለው ማለት ነው። የጽሕፈት ስህተት ካለ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት አመልክታችሁ ማሳረም ትችላላችሁ። አፈጻጸም ከመክፈታችሁ በፊት አሳርሙት። ከአያት ስም ጋር ሙሉ ስሙን፣ ከተገኘም የእናቱን ስም፣ የመታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን በማመልከቻችሁ ላይ ብትጨምሩ የትእዛዙ ተቀባዮች ሰውየውን ለመለየት አይቸገሩም።

ቀጥሎ ሒሳቡን ሥሩ። ፍርዱ "ከሕጋዊ ወለድ ጋር" ካለ 9 በመቶ በዓመት ማለት ነው። በ300,000 ብር ላይ ሲሰላ በየዓመቱ 27,000 ብር ይጨምራል። ወለዱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ ፍርዱ ላይ ተጽፏል፤ ክሱ ከቀረበበት ቀን ነው ወይስ ዕዳው መከፈል ከነበረበት ቀን? ለዓመታት የቆየ ጉዳይ ከሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ወጪና ኪሣራ አለ። ብዙ ፍርድ መጨረሻው ላይ "ከሳሽ ወጪና ኪሣራ የመጠየቅ መብቱ ተጠብቋል" ይላል። ሰዎች ይህችን መስመር አንብበው ያልፏታል። አትለፏት! የዳኝነት የከፈላችሁት፣ የጠበቃ አበል፣ በጋዜጣ ጥሪ አስደርጋችሁ ከሆነ የማስታወቂያው ክፍያ፣ ሁሉም ተዘርዝሮ ከነደረሰኙ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ መርምሮ ይወስንላችኋል። ከዋናው ገንዘብ ጋር አብሮ ይፈጸማል።

ይግባኝ ብሏል ቢባልስ?

ባለዕዳው ከሚደረድራቸው ምክንያቶች የመጀመሪያው ይህ ነው። "ይግባኝ ጠይቄያለሁ፣ ገና አላለቀም።" ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም። የሚያስቆመው የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ዋስትና እንዲያስይዝ ተጠይቆ ነው የሚሰጠው። የእግድ ደብዳቤ ካላሳየ አፈጻጸሙ ይቀጥላል።

በመደበኛ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው። "60 ቀኑ ይለፍና ከዚያ አመለክታለሁ" የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም። በእነዚያ 60 ቀናት ውስጥ መኪና ስም ሊዞርበት፣ ሒሳብ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍርዱ በኋላ ቢሻር የተቀበላችሁትን ትመልሳላችሁ፤ ይህን አውቃችሁ ግቡበት።

የት ነው የሚከፈተው?

ጉዳዩን መጀመሪያ አይቶ በፈረደው ፍርድ ቤት። ይግባኝ ተብሎ በበላይ ፍርድ ቤት ቢጸናም የምትመለሱት ወደዚያው ነው። ንብረቱ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ ክልል ከሆነ አትደናገጡ፤ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት ንብረቱ ላለበት ፍርድ ቤት በውክልና እንዲያስፈጽም መላክ ይችላል። ይህን እናንተ ራሳችሁ ጠይቁ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ ዳኛው ካዘዘ በኋላ ንብረት መያዙን፣ ማስገመቱንና ሐራጅ ማውጣቱን የሚሠራው የፍርድ አፈጻጸም ዳይሬክቶሬት ነው። ስለዚህ ሁለት ቦታ ትመላለሳላችሁ፤ ትእዛዝ የሚሰጠው ችሎቱ ነው፣ እጅና እግሩ ዳይሬክቶሬቱ ነው።

ማመልከቻው

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። የበደል ታሪክ አይጻፍበትም፤ እሱ በክርክሩ ጊዜ አልቋል። የአፈጻጸም ችሎት ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም ብሎ አይመረምርም፣ እንደተጻፈው ያስፈጽማል። ሕጉ የሚፈልጋቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የባለመብቱና የባለዕዳው ስም፣ የፍርዱ ቀን፣ ይግባኝ ተጠይቆ እንደሆነ፣ ከፍርዱ በኋላ የተከፈለ ነገር ካለ፣ ከዚህ በፊት አፈጻጸም ጠይቃችሁ ከሆነና ውጤቱ፣ የሚፈለገው ገንዘብ ከነወለዱና ወጪው፣ እና በምን ዓይነት መንገድ እንዲፈጸምላችሁ እንደምትፈልጉ።

እንዲህ ሊመስል ይችላል፦

"ይህ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቁጥር … በቀን … በሰጠው ፍርድ የፍርድ ባለዕዳ ብር 300,000 ከ… ቀን ጀምሮ ከሚታሰብ 9 በመቶ ወለድ ጋር እንዲከፍለኝ ወስኗል። የፍርድ ባለዕዳ እስከ ዛሬ ምንም አልከፈለኝም። ከዚህ በፊት የአፈጻጸም ማመልከቻ አላቀረብሁም። በፍርዱ ላይ ይግባኝ ስለመቅረቡ የደረሰኝ መጥሪያ የለም። ስለዚህ ከዚህ ማመልከቻ ጋር በተያያዘው ዝርዝር ላይ የተመለከቱት የባለዕዳው ንብረቶች ወደ ሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፉ እንዲታገዱልኝ፣ ባለዕዳው በፍርዱ መሠረት ካልከፈለም ተይዘው በሐራጅ ተሸጠው ገንዘቤ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።"

መጨረሻው ላይ የተለመደችው በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት እውነትነቱን የምታረጋግጥ መስመርና ፊርማ። አለቀ። ለዚህ ጠበቃ መያዝ ጥሩ ነው፤ ግን ግዴታ አይደለም። አቅም ለሌላት ሴት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው።

በማመልከቻው ላይ አጥብቄ የምመክራችሁ ነገር እግዱን ከመጀመሪያው እንድትጠይቁ ነው። ለምን? አፈጻጸም ሲከፈት ባለዕዳው መጥሪያ ይደርሰዋል። መጥሪያው ሲደርሰው ነቃ ማለት ነው። መክፈል የማይፈልግ ሰው ከነቃ በኋላ የሚሠራውን ታውቁታላችሁ፤ ባንክ ሄዶ ያወጣል፣ መኪናውን በእህቱ ስም ያዞራል። ስለዚህ "ባለዕዳው ከመጠራቱ በፊት እነዚህ ይታገዱልኝ" ብላችሁ ከነምክንያቱ ጻፉ። ዳኛው ሊቀበል ይችላል፣ "መጀመሪያ ባለዕዳው ይሰማ" ሊልም ይችላል። መጠየቁ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።

(ገና ክስ ያልመሠረታችሁ ሰዎች ይህን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ከፍርድ በፊትም ንብረት የማሳገድ መንገድ አለ። ባለዕዳው ንብረቱን ሊያሸሽ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር ካላችሁ ከክሱ ጋር አብራችሁ ጠይቁ። ከፍርድ በኋላ ከመባከን ያድናችኋል።)

ንብረት ፍለጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "ንብረት አለው፣ ሀብታም ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል" ማለት ለፍርድ ቤት ምንም አይጠቅምም። ዝርዝሩ ላይ "አንድ ነጭ መኪና" ብላችሁ ብትጽፉ ማንም ሊያግደው አይችልም። የሰሌዳ ቁጥሩን ከነኮዱና ከነክልሉ ጻፉ። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ካገኛችሁ የበለጠ ነው። ቤትም እንደዚሁ፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ከተገኘ የካርታ ቁጥር። "ቦሌ አካባቢ ያለ ጂ ፕላስ ሁለት" አይሠራም።

ከየት ይገኛል? ብዙ ጊዜ ከራሳችሁ ወረቀቶች ውስጥ። ገንዘቡን ያበደራችሁት በባንክ አስተላልፋችሁ ከሆነ የእሱ የሒሳብ ቁጥርና ባንክ ደረሰኙ ላይ አለ። ቼክ ሰጥቷችሁ ከነበረ ቅርንጫፉ ሳይቀር ተጽፏል። በስልክ የላካችሁት ገንዘብ ካለ የማረጋገጫ መልእክቱን አትሰርዙት፤ ስክሪን ሾት አድርጋችሁ አትሙት። ውሉ ላይ አድራሻ አለ፤ የመታወቂያ ቅጂ ካያያዛችሁም ከእሱ ብዙ ነገር ይገኛል። ነጋዴ ከሆነ ደረሰኙ ላይ የንግድ ስሙና የግብር ከፋይ ቁጥሩ አለ፤ የንግድ ፈቃድ ፋይሉ ላይ ያለውን መረጃ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከሚመለከተው ቢሮ እንዲያስመጣላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሰዎች የሚረሷቸው ንብረቶችም አሉ። የአክሲዮን ድርሻ አንዱ ነው፤ የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ድርሻውም ትርፉም ሊያዝ ይችላል። ቤት የሚያከራይ ከሆነ ኪራዩ አለ፤ ተከራዩ ለባለዕዳው ሳይሆን ለፍርድ ቤት እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። ሌላ ሰው ለባለዕዳው ዕዳ ካለበትም እንዲሁ። ኮንትራክተር ከሆነ ከአሠሪው መሥሪያ ቤት የሚጠብቀው ክፍያ ይኖራል። ይህ ሁሉ በሦስተኛ ሰው እጅ ያለ የባለዕዳው ገንዘብ ነው፤ ፍርድ ቤቱ "ለእሱ እንዳትከፍሉ" ብሎ ማዘዝ ይችላል። ደመወዝተኛ ከሆነ ደግሞ አሠሪው በየወሩ እየቆረጠ እንዲያስገባ ይታዘዛል።

አሁንም ምንም አላገኛችሁም እንበል። አንድ ጥሩ መሣሪያ ቀርቷል። ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ ስለ ሀብቱ እንዲጠየቅ ማድረግ ትችላላችሁ። ይህን ዕድል በከንቱ አታባክኑት። "ንብረት አለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ "የለኝም" ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ግቡ፤ ዝርዝር ይሁን። በየትኞቹ ባንኮች ሒሳብ አለህ? አሁን የምትኖርበት ቤት በማን ስም ነው? ኪራይ ከሆነ በወር ስንት ትከፍላለህ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የምትነዳው መኪና የማን ነው? ባለፉት ሁለት ዓመታት የሸጥከው ወይም በስጦታ የሰጠኸው ነገር አለ? ለማን? የማን ዕዳ አለብህ የሚለውን ብቻ ሳይሆን ማን ለአንተ ዕዳ እንዳለበትም ይጠየቅ። መልሶቹ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ውሸት ሆነው ሲገኙ በኋላ ለእናንተ ማስረጃ ይሆናሉ።

መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበስ? ፖሊስ ይዞ እንዲያቀርበው ትእዛዝ ይጠየቃል። እስራትም በሕጉ ውስጥ አለ። ግን በትክክል ተረዱት፦ የሚታሰረው መክፈል እየቻለ እንቢ ያለ ነው፣ ያጣ ሰው በድህነቱ አይታሰርም። "አሳስሩልኝ" ብሎ መጀመር ትርፉ ድካም ነው። እንደሚችል አሳዩ፤ የባንክ እንቅስቃሴውን፣ የሸጠውን ንብረት፣ ገቢውን አቅርቡ፤ ያኔ ጥያቄያችሁ ክብደት ይኖረዋል።

ደብዳቤውን ተከታተሉ

እግድ ታዘዘ ማለት ታገደ ማለት አይደለም። ትእዛዙ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ባንኩ፣ ትራንስፖርት ቢሮው ወይም የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ላይ እስኪሰፍር ድረስ ንብረቱ ክፍት ነው። ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ለእናንተ በእጅ ይሰጣችኋል። በዚያው ቀን ውሰዱት። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ኮፒያችሁ ላይ የመግቢያ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ይደረግላችሁ። ይህች ኮፒ ወርቅ ናት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስም ቢዞር ወይም ገንዘብ ቢወጣ ተጠያቂው ማን እንደሆነ የምታሳየው እሷ ናት።

መልሱም ለቀጣዩ ቀጠሮ መድረሱን አረጋግጡ። መልስ ስላልመጣ ብቻ የሚቀያየር ቀጠሮ ስንት ሰው አሰልችቶ አስቀርቷል። ቀጠሮው ከመድረሱ ሳምንት በፊት ደውሉ፣ ካልተላከ በአካል ሂዱ። ባንክ ሲመልስ ደግሞ ሒሳቡ ውስጥ ያለውን መጠን፣ ማገዱንም መግለጹን ተመልከቱ።

የማይነካ ንብረት

ሕጉ ባለዕዳውን ባዶ እጁን አያስቀረውም፤ ተገቢም ነው። የሚለብሰው ልብስ፣ የሚተኛበት አልጋ፣ ምግብ የሚያበስልበት ዕቃ አይያዝም። ሙያውን የሚሠራበት መሣሪያ፣ ለገበሬ ደግሞ የሚያርስበት በሬና ዘሩ አይነካም። ጡረታና ቀለብም እንዲሁ። ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛው ለእሱ ይቀራል፤ እናንተ የምታገኙት ቢበዛ አንድ ሦስተኛው ነው። በወር 12,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 4,000 ብር መሆኑ ነው። ለትልቅ ዕዳ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ ግን ከምንም ይሻላል፣ ሌላ ንብረት ፍለጋውንም አያስቀርባችሁም።

መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። በከተማ የሚሸጠው ቤቱና ከእሱ ጋር ያለው የይዞታ መብት ነው። የገበሬ የእርሻ መሬት ግን ለዕዳ በሐራጅ አይወጣም።

ባለዕዳው ባለትዳር ከሆነ ሌላ ጥያቄ ይነሳል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የአንዱ ተጋቢ ዕዳ መጀመሪያ ከግል ንብረቱ ይፈለጋል፤ ያ ካልበቃ ከጋራ ንብረቱ። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተወሰደ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለቤት ኪራይ ወይም ለልጆች ትምህርት፣ ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው፤ የጋራውም የየግሉም ንብረት ይደረስበታል። ይህን በዋናው ክርክር ጊዜ አስባችሁ ሁለቱንም ከሳችሁ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ገና ለምትከሱ ይህን አስቡበት። ድርጅትም እንደዚሁ ነው። የተፈረደው በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ላይ ከሆነ የምትይዙት የማኅበሩን ንብረት ነው፤ የባለቤቱን የግል ቤት አይደለም።

"ንብረቱ የእኔ ነው" የሚል ሰው ሲመጣ

ይመጣል። ወንድም፣ ሚስት፣ የቀድሞ ሸሪክ፣ አንዳንዴም ባንክ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 መሠረት የተያዘው ንብረት የባለዕዳው ሳይሆን የእኔ ነው ብሎ ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱም ያጣራል። እውነተኛ ባለቤት ሊሆን ስለሚችል አትናደዱ፤ ግን ዝም ብላችሁም አትቀመጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀኑ ነው። ስሙ የዞረው መቼ ነው? ከፍርዱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ተመዝግቧል ወይስ ቤት ውስጥ የተጻፈ ወረቀት ነው? ገንዘብ በትክክል ተከፍሏል? በባንክ የተከፈለበት ማስረጃ የሌለው፣ ፍርድ በተሰጠ ማግስት ለቅርብ ዘመድ የተደረገ "ሽያጭ" ዳኛንም ያጠራጥራል። አበዳሪን ለመጉዳት ሆን ተብሎ የተደረገን ማስተላለፍ ተቃውሞ ማስፈረስ በፍትሐ ብሔር ሕጉም የተፈቀደ ነው፤ ራሱን የቻለ ክስ ስለሆነ ግን እዚህ ላይ ጠበቃ ብትይዙ ይሻላል።

የባንኩ ነገር የተለየ ነው። ቤቱ ወይም መኪናው አስቀድሞ በመያዣ ተይዞ ከሆነ ባንኩ ይቀድማል። ከሽያጩ የባንኩ ዕዳ ተነስቶ የቀረ ካለ ነው ለእናንተ። ስለዚህ ለግምትና ለሐራጅ ከመሮጣችሁ በፊት ንብረቱ ዕዳና እግድ እንዳለበት ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይጣራ። የባንኩ ዕዳ የቤቱን ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ልፋቱን ትታችሁ ሌላ ንብረት ፈልጉ። ሌሎች የፍርድ ባለመብቶች ካሉም ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ አስቀድመው አፈጻጸም ላመለከቱት እንደየድርሻቸው ይከፋፈላል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሊያመልጠው ይችላል።

ሐራጅ

ንብረቱ በባለሙያ ይገመታል፣ ግምቱ የመነሻ ዋጋ ይሆናል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ በቀኑ ይሸጣል። እናንተ ሁለት ነገር ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። አንደኛው ግምቱ ነው፤ በጣም ከወረደ ባለዕዳው ይቃወማል፣ በጣም ከተጋነነ ገዢ አይመጣም። ሁለተኛው ማስታወቂያው ነው። ከመውጣቱ በፊት የቤት ቁጥሩን፣ የቦታውን ስፋት፣ የመነሻ ዋጋውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ከፋይሉ ጋር አስተያዩት። ስህተት ያለበት ማስታወቂያ ሽያጩን ለማፍረስ ለባለዕዳው በር ይከፍታል፤ ያኔ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ገዢ ካልተገኘ ሐራጁ ድጋሚ ይወጣል፤ ያኔም ካልተሸጠ ንብረቱን በዋጋው እንድትረከቡ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ዋጋው ከዕዳው በላይ ከሆነ ልዩነቱን መክፈል ይመጣልና ቀድማችሁ አስቡበት።

በክፍያ እንስማማ ካለስ?

እኔ ብዙ ጊዜ ተስማሙ ባይ ነኝ። የሐራጅ መንገድ ረጅም ነው። ግን ስምምነቱ በወረቀት ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ይመዝገብ፤ አንድ ወር ቢያቋርጥ ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ እንደሚፈጸም ይጻፍበት፣ እግዱም መጨረሻው ብር እስኪከፈል አይነሳ። "እግዱን አንሡልኝና ሸጬ እከፍላለሁ" የሚለውን ልመና ተጠንቀቁ። መሸጡ እውነት ከሆነ ገዢው ገንዘቡን በቀጥታ ፍርድ ቤት ያስገባ፤ እግዱ በዚያው ይነሳል።

ከፍርድ ቤት ውጭ የተቀበላችሁት ገንዘብ ካለ አሳውቁ። በባንክ ይሁን፣ በእጅ አትቀበሉ። ባለዕዳ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡም ይኸው ነው፤ ለፍርድ ቤት ያልተመዘገበ ክፍያ እንዳልተከፈለ ሊቆጠር ይችላል።

ንብረት ባይገኝ

መዝገቡ ይዘጋል። ትእዛዙ ላይ "ንብረት ሲገኝ መዝገቡን ማንቀሳቀስ ይችላል" የሚል መስመር መኖሩን አረጋግጡ፤ ይህ ሽንፈት አይደለም። ግን ቀኑን አትርሱ፤ ፍርድ ለዘላለም አይቆይም፣ ገደቡ 10 ዓመት ነው። የፍርዱን ቀን አንድ ቦታ ጻፉት። በዚህ መሀል ባለዕዳው ሥራ ሊይዝ፣ ውርስ ሊደርሰው፣ ቤት ሊሠራ ይችላል። ቢሞት እንኳ ወራሾቹ በወረሱት መጠን ይጠየቃሉ።

ፍርዱ ከውጭ ሀገር ፍርድ ቤት የመጣ ከሆነ መንገዱ ይለያል። መጀመሪያ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመልክታችሁ እንዲፈጸም ማስፈቀድ አለባችሁ። እዚያ የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ ያ ሀገር የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑ፣ ባለዕዳው የመከላከል ዕድል ማግኘቱ፣ ፍርዱ የመጨረሻ መሆኑ።

ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ሲገባላችሁ ደግሞ የመጨረሻ ማመልከቻ አለ። "ተከፍሎኛል፣ መዝገቡ ይዘጋልኝ፣ እግዶቹም ይነሡ" ብላችሁ አስገቡ፤ የእግድ ማንሻ ደብዳቤዎቹም ቀድሞ ትእዛዝ ለደረሳቸው ቦታዎች ሁሉ በስማቸው ይጻፉ።